የባላጋራ ምስክር፦ ለጥቁሮች ነፃነት የታገሉት ከግሪኮች ምን አገኙ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ማርቲን ሉተር ኪንግ ከበርሚንግሃም እስር ቤት የጻፈውን ደብዳቤ ሳነብ ሶቅራጥስ ሦስት ጊዜ ተጠቅሶ አገኘሁ። አሪስቶትል ደግሞ በተፈጥሮው ባሪያ የሆነ ሰው አለ ብሎ የጻፈ ፈላስፋ ነው። ለጥቁሮች ነፃነት የታገሉ ሰዎች ከባሪያ አሳዳሪ ሕዝብ ፍልስፍና ምን ፈልገው ነው? ወይስ አንዳንዶች እንደሚሉት የግሪክ ፍልስፍና መጀመሪያውኑ ከአፍሪካ የተሰረቀ ስለሆነ ነው?»

ከመጨረሻው ልጀምር፤ ቶሎ የሚያልቀው እሱ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) «ተሰርቋል» የሚለውን ክርክር በሰፊው እንዲነበብ ያደረገው የጉያና ተወላጅ የነበረው ጆርጅ ጄምስ በ1954 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። አሪስቶትል ከእስክንድር ጋር ሆኖ የእስክንድርያን ቤተ መጻሕፍት ዘረፈ፣ የዘረፈውንም በራሱ ስም አወጣ የሚል ሐሳብ በመጽሐፉ ውስጥ አለ። ችግሩ የዘመን ስሌት ነው። አሪስቶትል የሞተው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ322 ሲሆን፣ ቤተ መጻሕፍቱን ያቋቋሙት ከእስክንድር ሞት በኋላ ግብጽን የገዙት የበጥሊሞስ ሥርወ መንግሥት ነገሥታት ናቸው። ገና ያልተሠራ ቤት አይዘረፍም። ይህ ማለት ግን ግሪኮች ከግብጽ አልተማሩም ማለት አይደለም፤ መማራቸውን ራሳቸው ያወሩታል። ፕላቶ «ጢማዮስ» በተባለው ምልልሱ ውስጥ አንድ ሽማግሌ የግብጽ ካህን የአቴንሱን ሕግ አውጪ ሶሎንን «እናንተ ግሪኮች ሁልጊዜ ሕፃናት ናችሁ» ሲለው ያሰማናል። ይህን የጻፈው ግሪኩ ራሱ ነው።

ያም ሆነ ይህ፣ የስርቆቱ ታሪክ እውነት ቢሆን እንኳ ጠያቂያችንን ያስጨነቃቸውን ነገር አይፈታም። ንብረቱ የእኛ ነበር ካልን አሪስቶትል ስለ ባርነት የጻፈውንም የእኛ ነው ልንል ነው?

ወደ ዋናው ነገር ስመጣ፣ እኔ ጉዳዩን የማየው እንደ ሙግት ነው። ባላጋራ የቆጠረውን ምስክር ተከራካሪው በመስቀለኛ ጥያቄ ይዞ ለራሱ ጉዳይ ሲያስመሰክረው ማየት ችሎት ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም። የጥቁሮችን ነፃነት የጻፉ ሰዎች ከግሪኮች ጋር ያደረጉት በአብዛኛው ይህንኑ ነው። ምስክሩን መጀመሪያ የጠራው ባሪያ አሳዳሪው ነበር።

አሪስቶትል «ፖለቲካ» በተባለው ሥራው የመጀመሪያ ክፍል ባሪያን ሕይወት ያለው መሣሪያ ይለዋል፤ ሌላው ሲያስብ የሚገባው፣ በራሱ ግን ማሰብ የተነፈገው ሰው በተፈጥሮው ባሪያ ነው ይላል። እዚያው አካባቢ ግን ሁለት የሚያስቸግሩ ነገሮች ተቀምጠዋል። ባርነት ከተፈጥሮ ውጭ ነው፣ የቆመውም በሕግና በጉልበት ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች በዘመኑ እንደነበሩ ራሱ ይመዘግባል። ተፈጥሮ የጌታውንና የባሪያውን አካል ለይታ ልትሠራ ብትፈልግም ብዙ ጊዜ እንደማይሳካላትም ያምናል። በዚህ ክርክር ውስጥ የቆዳ ቀለምን አያነሳም፤ ሊያነሳም አይችልም ነበር፤ አቴንስ ውስጥ የነበሩት ባሮች በብዛት የትራቄ፣ የእስኩቴስ፣ የሶርያና የትንሿ እስያ ሰዎች ነበሩ። በ19ኛው መቶ ዓመት እንደ ቨርጂኒያው ጆርጅ ፊትዝሂዩ ያሉ የአሜሪካ ደቡብ ጸሐፊዎች አሪስቶትልን ጠበቃ አድርገው ሲያቆሙት፣ ቀለሙን የጨመሩበት እነሱ ናቸው።

አሁን አንድ ጉዳይ ቀረብ አድርጌ ላሳይ። በ1833 ወይም በ1834 ገደማ በኒውዮርክ የፀረ ባርነት ማኅበር ቢሮ ውስጥ የሚላላክ አንድ ጥቁር ልጅ ነበር፤ አሌክሳንደር ክሩሜል ይባላል። ከዋሽንግተን የመጡ ሁለት የቦስተን ጠበቆች ቢሮው ውስጥ ሲያወሩ ጆሮውን ጥሎ ሰማ። ጠበቆቹ የደቡብ ካሮላይናው ፖለቲከኛ ጆን ካልሁን በተገኘበት ገበታ ቀርበው ነበር። ካልሁን በዚያ ገበታ ላይ የግሪክኛን አገባብ የሚያውቅ ጥቁር ቢያገኝ ያን ጊዜ ጥቁር ሰው መሆኑን እንደሚያምን፣ እንደ ሰውም ሊታይ እንደሚገባው ተናገረ አሉ። ክሩሜል ይህን አልረሳም። ካምብሪጅ ገብቶ ግሪክኛውን ተማረ፣ በ1853 ተመረቀ። በ1897 ሸምግሎ ታሪኩን ሲያወራ ግን የካልሁንን ፈተና በማለፉ አይኮራም፤ በፈተናው ይስቃል። ትምህርት ቤቱ ሁሉ ለጥቁር ተዘግቶ ሳለ ይህ ሰው አገባቡ ከየት እንዲመጣ ጠበቀ? በጥቁሩ አንጎል ውስጥ እንደ አረም በራሱ የሚበቅል መስሎት ይሆን? ይላል።

ግሪክኛ እንግዲህ ለእነዚህ ሰዎች ጌጥ አልነበረም። የሰውነት ማረጋገጫ ተደርጎ የተቀመጠ፣ እንዳይደረስበት ደግሞ በሕግ የታጠረ ነገር ነበር። ጆርጂያ በ1829 ባወጣችው ሕግ ጥቁርን ማንበብና መጻፍ ያስተማረ ይቀጣ ነበር። በዚያች ግዛት በሜከን ከተማ በ1852 በባርነት ሕግ ሥር የተወለደው ዊልያም ስካርቦሮ ፊደል የቆጠረው በድብቅ ነው። በ1881 ይኸው ሰው ለጀማሪዎች የሚሆን የግሪክኛ መማሪያ መጽሐፍ ኒውዮርክ ውስጥ አሳተመ። የግሥ እርባታ፣ የስም ዝርዝር፣ ከጥንታዊው ግሪክ ጸሐፊ ከክሴኖፎን የተወሰዱ የንባብ ክፍሎች፤ ከውጭ ለሚያየው ደረቅ መጽሐፍ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በነፃነት ትግል ታሪክ ውስጥ ብዙም አይነሳም፤ ሰልፍ አይደለም፣ ንግግር አይደለም። ለእኔ ግን የአሪስቶትልን «በራሱ ማሰብ የተነፈገ» የሚለውን ሐረግ ከዚህ የሰዋስው መጽሐፍ በላይ ያፈረሰ ብዙ የለም።

እዚህ ላይ በጥቁሮች መካከል ራሱ ጠብ ነበር። የጥቁሮች ትምህርት መሪ የነበረው ቡከር ዋሽንግተን ጥቁር ሕዝብ መጀመሪያ የእጅ ሙያ ይያዝ ባይ ነበር፤ አረም በወረሰው ግቢ ባለች አንዲት ክፍል ጎጆ ውስጥ ተቀምጦ የፈረንሳይኛ ሰዋስው የሚያነብ ጥቁር ወጣት አይቶ ማዘኑን ጽፏል። በዊልበርፎርስ ዩኒቨርሲቲ ግሪክኛና ላቲን ያስተማረው ጥቁሩ ምሁር ዱቦይስ በ1903 መልስ ሰጠው፤ ሶቅራጥስና የአሲሲው ፍራንሲስ ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን? ብሎ አለፈ። ሁለቱም እኮ ድሆች ነበሩ። ሶቅራጥስ ባዶ እግሩን የሚዞር ሰው ነው፤ ግቢህ ሳይጸዳ አትጠይቅ ቢባል ፍልስፍናው አይጀመርም ነበር። ፍርዴን ልናገር፦ ዋሽንግተን ስለ ረሃብ የተናገረው ብዙ እውነት አለው፣ በዚህች ነጥብ ግን ተሸንፏል።

ከስልሳ ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ ዓይነት አንባቢ መጣ። ሂዩ ኒውተን በ1959 በኦክላንድ ካሊፎርኒያ ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርስ በቅጡ ማንበብ እንደማይችል በኋላ ራሱ ጽፏል። ማንበብን ራሱን ያስተማረው በፕላቶ «ሪፐብሊክ» ነው፤ መዝገበ ቃላት አጠገቡ አስቀምጦ፣ ቃል በቃል እየፈታ፣ ደጋግሞ። ለጀማሪ አንባቢ ከዚህ የከፋ ምርጫ ያለ አይመስለኝም። ግን መጽሐፉ ውስጥ ዋሻው አለ፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ አንገታቸው እንዳይዞር ታስረው ግድግዳ ላይ የሚያልፍ ጥላ ብቻ የሚያዩ ሰዎች፣ ጥላውንም እውነት ነው የሚሉ። ኒውተን ይህን ሲያነብ ስለ ራሱ ሕዝብ የተጻፈ መሰለው፤ እኛም እስረኞች ነን፣ የተጫነብንን ሐሰት ከእውነት መለየት አለብን አለ። በጥቅምት 1966 ከጓደኛው ከቦቢ ሲል ጋር ለጥቁሮች መብት የሚታገለውን ብላክ ፓንተር ፓርቲን አቋቋመ።

ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚስቱት አንድ ነገር እዚህ አለ። የዋሻው ታሪክ ሰውየው ወጥቶ ፀሐይ ሲያይ አያበቃም። ፕላቶ መልሶ ያወርደዋል። ዓይኑ ብርሃን ለምዷል፣ ጨለማው ውስጥ ይደናበራል፣ የታሰሩት ይስቁበታል፣ ሊፈታቸው ቢሞክር ቢችሉ ይገድሉታል። የፓርቲው አባላት ለሕፃናት ቁርስ ሲያበሉና ክሊኒክ ሲከፍቱ ይህን የመመለስ ግዴታ በተግባር አነበቡት ብል ብዙ አልተሳሳትኩም። ሆኖም የፕላቶ መጽሐፍ ዴሞክራሲን የሚንቅ፣ ጥቂት አዋቂዎች ብዙኃኑን ይግዙ የሚል መጽሐፍ መሆኑን መደበቅ አይገባም። ቀድሞ የነቃ ሰው ሌላውን ያዛል የሚለው አዝማሚያ በዱቦይስ «ባለ ተሰጥዖ አንድ አሥረኛ» ሐሳብ (ከጥቁሩ ሕዝብ የተማረው አንድ አሥረኛ ሌላውን ይምራ በሚለው) ውስጥም፣ በፓንተሮቹ የአመራር ጥብቀት ውስጥም ይሸተኛል። መድኃኒቱ ከመርዙ ጋር ነው የመጣው።

አሁን ወደ ኪንግ። በሚያዝያ 12 ቀን 1963 በምዕራባውያኑ የስቅለት ዕለት፣ በበርሚንግሃም የዘር መድልዎን በመቃወም ሲሰለፍ ታሰረ። የከተማዋ ስምንት ነጭ የሃይማኖት አባቶች ሰልፉ ጥበብ የጎደለውና ጊዜውን ያልጠበቀ ነው የሚል መግለጫ በጋዜጣ አወጡ። ኪንግ መልሱን መጻፍ የጀመረው በዚያው ጋዜጣ ኅዳግ ላይ ነው። ሶቅራጥስን የጠራባቸው ሦስት ቦታዎች የተለያየ ሥራ ይሠራሉ። በመጀመሪያው፣ ሰልፉ ውጥረት ፈጠረ ለሚሉት፣ ሶቅራጥስም በሰው አእምሮ ውስጥ ውጥረት መፍጠር ግድ ብሎታል ይላቸዋል፤ ሶቅራጥስ ራሱን በሰነፍ ፈረስ ጀርባ ላይ በተቀመጠ ተናካሽ ዝንብ መስሎ ነበርና፣ ኪንግም እኛ ሁከት የማናውቅ ተናካሽ ዝንቦች ነን ይላል። በሁለተኛው፣ ሰላማዊ ሰልፍ ብጥብጥ ይጋብዛል ለሚለው ክስ፣ ሶቅራጥስን መርዝ ስላጠጡት ጥፋቱ የሶቅራጥስ ነው ልትሉ ነው? ይላል። በሦስተኛው፣ ዛሬ ያለው የትምህርት ነፃነት በከፊል የሶቅራጥስ እምቢተኝነት ፍሬ ነው ይላል።

በዚህ ሦስተኛው ላይ የእኛ የፍልስፍና ሙያ ሰዎች ይከራከራሉ፤ ክርክሩም ከባድ ነው። «ክሪቶን» በተባለው ምልልስ ወዳጁ ጠባቂ ደልሎ ከእስር ሊያስመልጠው ሲመጣ ሶቅራጥስ አልወጣም አለ፤ የአገሬን ሕግ ወይ ላሳምነው ወይ ልታዘዘው ይገባኛል ብሎ ሞተ። ታዲያ ይህን ሰው የሕዝባዊ እምቢተኝነት አባት ማድረግ ይቻላል? ለእኔ መልሱ ያለው «አፖሎጂያ» ውስጥ ነው፤ ሶቅራጥስ በችሎት ያቀረበው መከላከያ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ404 አቴንስን ሠላሳ አምባገነኖች ያዙ። ሶቅራጥስንና ሌሎች አራት ሰዎችን አስጠርተው ሊዮን የተባለውን ሰው ከሳላሚስ ደሴት አምጡት፣ ይገደላል አሏቸው። አራቱ ሄደው አመጡት። ሶቅራጥስ ዳኞቹን እንዲህ ይላቸዋል፦ እኔ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

አልፎከረም፣ አልተሟገተም፣ ወደ ቤቱ ሄደ። ያ መንግሥት ቶሎ ባይወድቅ ኖሮ ይገደል እንደነበረ ራሱ ይናገራል። ይህን ከ«ክሪቶን» ጎን ስታስቀምጡት ኪንግ ያነበበው ሶቅራጥስ ግልጽ ይሆናል፤ ግፍ እንዲሠራ ሲታዘዝ አይሠራም፣ በእሱ ላይ ለሚመጣው ቅጣት ግን አይሸሽም። ኪንግ በደብዳቤው ፍትሕ የጎደለውን ሕግ የሚጥስ ሰው በግልጽ፣ በፍቅር፣ ቅጣቱንም ለመቀበል ፈቅዶ ይጣስ የሚለው ይህንኑ ነው። ኪንግ «ከክሪቶን» ጋር የሚጋጨውን አልፎታል፤ አዎ። ጠበቃ ግን ከምስክሩ ቃል የሚጠቅመውን ነው የሚያጎላው።

ከግሪክኛ የወሰደው ሌላም አለ፤ በጥቂቱ ልለፈው። በአማርኛ «ፍቅር» የምንለውን ግሪክኛ በተለያዩ ቃላት ይከፍለዋል፤ ኤሮስ (የፍትወት ፍቅር)፣ ፊልያ (የወዳጅነት ፍቅር)፣ አጋፔ (ለሰው ሁሉ በጎ መመኘት)። በጥር 1956 ሞንትጎመሪ ያለው ቤቱ በቦምብ ለተመታ ሰው ልዩነቱ የመዝገበ ቃላት ጉዳይ አይደለም። ቤትህን ያፈነዳውን ሰው መውደድ፣ በወዳጅነት ስሜት፣ ማንም አይችልም፤ አጋፔ ግን ያንን አይጠይቅም፣ ለጠላትህ ክፉ አለመመኘትን ነው የሚጠይቀው እያለ ያስረዳ ነበር። ሊገደል አንድ ቀን ሲቀረው፣ በሚያዝያ 3 ቀን 1968 በሜምፊስ ባደረገው ንግግር፣ በሐሳቡ በታሪክ ውስጥ ሲጓዝ አቴንስ ይደርሳል፤ ፕላቶን፣ አሪስቶትልንና ሶቅራጥስን በፓርተኖን ዙሪያ ተሰብስበው ሲወያዩ ያያል። ከዚያ «እዚያ ግን አልቆምም» ብሎ ያልፋል። ጠያቂያችን ከግሪኮች ምን ፈለጉ ላሉት፣ ይህች አልቆምም የምትለው ቃል ግማሹን መልስ ይዛለች።

ሁሉም በዚህ አልተስማሙም። ጥቁሯ የፍልስፍና መምህር አንጄላ ዴቪስ በ1969 በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከባርነት አምልጦ የፀረ ባርነት ታጋይ ስለሆነው ስለ ፍሬደሪክ ዳግላስ ማስተማር ስትጀምር የከፈተችው በዚህ ቅራኔ ነው፤ ስለ ነፃነት እንዲያ ያለ ከፍ ያለ ነገር የተናገረችው አቴንስ ውስጥ አብዛኛው ሰው ነፃ አልነበረም፣ ሴቶች ዜጋ አልነበሩም። የነፃነትን ትርጉም ከጌታው ይልቅ ባሪያው ያውቀዋል የሚል ነው የትምህርቷ አካሄድ። የትሪኒዳዱ ሲ ኤል አር ጄምስ በተቃራኒው በ1956 አቴንስን አወደሰ፤ አምስት መቶ አባላት ያሉትን ምክር ቤት በዕጣ የሚሞላ ሕዝብ ተራ ሰው መግዛት እንደሚችል አሳይቷል ብሎ። ዕጣው ውስጥ ባሪያ እንደሌለ ያውቃል፤ እኔ ግን ነገሩን ቶሎ አልፎታል እላለሁ። የጋናው መሪ ንክሩማህ በ1964 ባወጣው መጽሐፍ ደግሞ ጥንታዊው ግሪክ ፈላስፋ ታሌስ ዓለም ከውኃ ነው ሲል የካህናቱን ሥልጣን እንዴት እንደሸረሸረ ይተነትናል፤ ፍልስፍና መቼም ከማኅበረሰብ ትግል ተነጥሎ አያውቅም ለማለት።

ለእኛ አንባቢዎች አንድ ማሳሰቢያ። የግሪኮች መጻሕፍት «ኢትዮጵያውያን» ሲሉ በብዛት ከግብጽ በስተደቡብ ያለውን ጥቁር ሕዝብ፣ በተለይም የኩሽንና የመርዌን ሰዎች ማለታቸው ነው፤ ስለዚህ ክብሩን በችኮላ ለራሳችን ብቻ አንውሰድ። እኛ ከግሪኮች ጋር ሌላ መንገድ ነበረን። የፈላስፎች አባባል ስብስብ የሆነው «መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን» ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው። እንዲያውም የአሪስቶትልን ክርክር የሚያፈርስ ቃል በእጃችን ነበር። «ፍትሐ ነገሥት» በተፈጥሮ ሕግ ሰዎች ሁሉ ነፃነትን ይጋራሉ፣ ባሪያ የሚያደርጋቸው ጦርነትና የፈረስ ኃይል ነው ይላል። ይህን የሚያነቡ ሊቃውንት፣ ይህን የሚጠቅሱ ዳኞች ነበሩን። ባርነት በአዋጅ የተሻረው ግን በ1942 ነው። ስለዚህ «ባሪያ አሳዳሪ ሕዝብ እንዴት ስለ ነፃነት ይጽፋል?» የሚለውን ጥያቄ ወደ አቴንስ ብቻ አናነጣጥረው።

በዚህ ጉዳይ አንድ ነገር ብቻ አንብቡ ብባል ኪንግንም «ሪፐብሊክ»ንም አልመርጥም። «ሜኖን» የተባለውን አጭር ምልልስ እመርጣለሁ። ሶቅራጥስ ሜኖንን ከአገልጋዮችህ አንዱን ጥራልኝ ይለዋል። ልጁ ስም የለውም። ግሪክኛ ይናገራል? ይላል ሶቅራጥስ። አዎ፣ ቤቴ ውስጥ የተወለደ ነው ይላል ሜኖን። ሶቅራጥስ ጎኑ ሁለት እግር (እግር የርዝመት መለኪያ ነው) የሆነ እኩል ጎን ያለው አራት ማዕዘን መሬት ላይ ይሥላል፤ ስፋቱ አራት ነው። እጥፉን፣ ስምንት የሚሆነውን ሥራልኝ፣ ጎኑ ስንት ይሆናል? ልጁ ጎኑን በእጥፍ፣ አራት እግር ያደርገዋል፤ ስፋቱ አሥራ ስድስት ይወጣል። ሦስት ይላል፤ ዘጠኝ ይወጣል። «በዜውስ፣ አላውቅም» ይላል። ከዚያ ጥያቄው እየመራው ከማዕዘን ወደ ማዕዘን የሚያቋርጠው መስመር ላይ ይደርሳል፤ በዚያ መስመር ላይ የተሠራው አራት ማዕዘን ስምንት ነው።

ይህን ክፍል ውስጥ በጠመኔ ስሥል ከሃያ ተማሪ አሥራ አምስቱ እንደ ልጁ «አራት» ይላሉ። አንድ ዓመት አንዲት ተማሪ ግን ሥዕሉን ትታ ሌላ ነገር ጠየቀች፦ «መምህር፣ ልጁ መልሱን ካገኘ በኋላ ምን ሆነ?»

ምንም አልሆነም። ሶቅራጥስ ዕውቀቱ በልጁ ነፍስ ውስጥ እንደነበረ ሜኖንን ያሳምነዋል፣ ሜኖን ይስማማል፣ ወሬው ወደ በጎነት ይመለሳል፣ ልጁም ከጽሑፉ ይጠፋል። ሂድ እንኳ አልተባለም። አሪስቶትል ገና ሕፃን ሳለ መምህሩ ፕላቶ በጻፈው ይመስላል፣ ባሪያ ያስባል የሚለው ማስረጃ በዚህ ገጽ ላይ አለ፤ ማስረጃውን ያቀረቡት ሁለት ሰዎች ግን ምን እንደሚከተለው አልጠየቁም። ክሩሜልም፣ ስካርቦሮም፣ ኒውተንም፣ ዴቪስም ይህን ልጅ ተክተው ቆመው «ታዲያስ?» ያሉ ይመስለኛል። ስታነቡት ወረቀትና እርሳስ ያዙ፤ አራት ማዕዘኑን ራሳችሁ ሥሩት፣ ልጁ ጽሑፉ ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ የተናገረበትንም መስመር አስምሩበት።